የብስክሌት ክብደትና ጎማ፦ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ለሚነዱ

ብስክሌት ሊገዛ የሄደ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ከፍሬሙ ይዞ ብድግ ማድረግ ነው። ከቀለለው ደስ ይለዋል፤ ከከበደው ፊቱን ያዞራል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ «እስቲ አንሳው» ይላል። እጅ የሚመዝነው ክብደትና እግር የሚሰማው ክብደት ግን አንድ አይደሉም። ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ለሚነዳ ሰው ደግሞ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ለቅለት የሚከፈለው ብር አብዛኛውን ጊዜ ለጎማ፣ ለኩሽኔታና ለፍሬን ቢውል ይሻላል። ለምን እንደሆነ፣ እንዴትም እንደሚፈትኑት በቅደም ተከተል እንየው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። በሁለቱ መካከል ያለው አስፋልት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የከፍታው ልዩነት ከ600 ሜትር ይበልጣል። አቀበቱ በመንገዱ ሁሉ እኩል አልተከፋፈለም፤ ዋናው ሸክም ሐረጎ በሚባለው ዳገት ላይ ነው። ታችኛዋ ከተማ ሜዳ ይበዛታል፤ ላይኛዋ ዳገትና ኮብልስቶን። አንድ ብስክሌት በሜዳ፣ በዳገት፣ በቁልቁለትና በድንጋይ ንጣፍ ላይ ጠባዩ እንዴት እንደሚለዋወጥ በአንድ ቀን ለማየት ከዚህ የተሻለ መንገድ ብዙ አይገኝም።

መጀመሪያ ይመዝኑ

ልዩ ሚዛን ፍለጋ አይድከሙ። ሰው በሚመዘንበት ሚዛን ላይ መጀመሪያ ብቻዎን ይቁሙ፤ ቀጥሎ ብስክሌቱን ተሸክመው ይቁሙ። ልዩነቱ የብስክሌቱ ክብደት ነው። ባለአንድ ማርሹ ጥቁር የብረት ብስክሌት ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል። ተራው ባለአሉሚኒየም ፍሬም ማውንቴን ከ13 እስከ 15፣ ርካሽ ሆኖ ፊትም ኋላም ሞላ የተገጠመለት ከ16 እስከ 18፣ የውድድር ብስክሌት ደግሞ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ይሆናል። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ከ6.8 ኪሎ በታች የሚመዝን ብስክሌት በጎዳና ውድድር ላይ እንዳይገባ ከልክሏል። በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ እንኳ የነዳው ከዚህ ያልቀለለ ብስክሌት ነው።

አሁን በቁጥሩ ላይ ራስዎን ይጨምሩ። ሐረጎን ሲወጡ ወደ ላይ የሚያነሱት ብስክሌቱን ብቻ ሳይሆን ሰውነትዎን፣ ልብስዎን፣ ውኃዎንና ቦርሳዎን ጭምር ነው። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ15 ኪሎ ብስክሌት ከወጣ ጠቅላላው 80 ኪሎ ይሆናል። ብስክሌቱ በ1 ኪሎ ቢቀል ከጠቅላላው የተቀነሰው 1.25 በመቶ ነው፤ አንድ ሰዓት በሚፈጅ አቀበት ላይ ይህ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከ15 ኪሎ ወደ 10 ኪሎ ቢወርዱ የሚያተርፉት 3 ደቂቃ ገደማ ነው። ለተወዳዳሪ 3 ደቂቃ ትልቅ ነገር ነው፤ ድልና ሽንፈትን ይለያል፤ ቢከፍልበት ይገባዋል። ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለጤናው ለሚነዳ ሰው ግን ዋጋው ከጥቅሙ ይበልጣል። ሁለት ሊትር ውኃ ይዘው ከኮምቦልቻ የሚነሱ ከሆነ አንዱን ሊትር እዚያው ቢተዉትና መንገድ ላይ ቢገዙ አንድ ኪሎ ያለ ምንም ወጪ ቀለለልዎ ማለት ነው።

ሜዳ ላይ የክብደት ነገር ከዚህም ያነሰ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ብቻ፣ ከቤት ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ ገበያ ለሚነዳ ሰው 18 ኪሎ የሚመዝነው ጥቁሩ ብስክሌት አንዴ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ከ13 ኪሎው ጋር ሲተያይ የሚያጎድለው ነገር እምብዛም የለም። እዚያ የሚይዝዎት ፊት ለፊት የሚመጣው ንፋስና የጎማዎ ጠባይ ነው።

«የብረት ፍሬም ስለሆነ አልፈልገውም» ለሚሉም አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ አገራቸውን ወክለው ሲወዳደሩ በዓለም ላይ የነበረው የውድድር ብስክሌት ከብረት የተሠራ ነበር። ጥሩ ብረት ቀጭን ሆኖ ይሠራል። ሲሰነጠቅም ሠፈር ያለ ብየዳ ቤት ይመልሰዋል፤ ቀጭን አሉሚኒየም ግን ሁሉም በያጅ አይደፍረውም።

ጎማው የሚበላውን ጉልበት ይወቁ

ጎማ በተንከባለለ ቁጥር መሬት የነካው ክፍል ይጨፈለቃል፤ ሲነሳ ደግሞ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ጎማው ሲታጠፍና ሲዘረጋ ከእግርዎ የወጣው ጉልበት ጥቂት ጥቂቱ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ለስላሳ፣ በቂ ንፋስ ያለው ጎማ አስፋልት ላይ የሚያጠፋው ትንሽ ነው። ወፍራም፣ ጥርሳም፣ ንፋሱ የጎደለ ጎማ ግን ጥርሶቹ አንድ በአንድ እየተጣመሙ ያንኑ መንገድ እጥፍና ከዚያ በላይ ያስከፍሉታል።

ይህን ኪሳራ ወደ ከፍታ ለውጦ ማስላት ይቻላል። ጥሩ ለስላሳ ጎማ በ25 ኪሎ ሜትር አስፋልት ላይ የሚበላው ጉልበት ከ125 እስከ 150 ሜትር ዳገት ከመውጣት ጋር እኩል ነው። ጥርሳሙና ንፋስ የጎደለው ደግሞ ከ250 እስከ 300 ሜትር። ማለትም በመጥፎ ጎማ ከኮምቦልቻ ሲነሱ ደሴ ካለችበት ከ100 እስከ 175 ሜትር ከፍ ብላ ትጠብቅዎታለች። በ5 ኪሎ የከበደ ብስክሌት በተመሳሳይ ስሌት የሚጨምርብዎ ዳገት 40 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በጎማ የሚገኘው ትርፍ በክብደት ከሚገኘው ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አንዳንዴም አራት እጥፍ ነው፤ ሁለት ጎማ ደግሞ ከአዲስ ብስክሌት ጋር ሲተያይ ምን ያህል እንደሚረክስ ለማንም ግልጽ ነው።

ስለዚህ ማውንቴን ብስክሌት ገዝተው የሚነዱት ግን አስፋልት ላይ ከሆነ ጥርሳሙን ጎማ አውጥተው ለስላሳ ጎማ ያስገቡ። 26 ቁጥር ቸርኬ ላይ 1.5 ወይም 1.75 ስፋት ያለው በቂ ነው። ወደ ገራዶ፣ ወደ ኩታበር ወይም ወደ ገጠር መንገድ የሚዘልቁ ከሆነ ደግሞ መሐሉ ለስላሳ፣ ዳርና ዳሩ ጥርስ ያለውን ይምረጡ፤ ቀጥ ብለው ሲነዱ ለስላሳው ይሽከረከራል፣ ጭቃ ውስጥ ሲያዘነብሉ ጥርሱ ይይዛል።

ቁጥሮቹን ማመን ካልፈለጉ ራስዎ ይፈትኑት። መኪና የማይበዛበት፣ መጀመሪያው ቁልቁል መጨረሻው ሜዳ የሆነ አጭር መንገድ ይፈልጉ። ከአንድ ምልክት ላይ ፔዳል ሳይመቱ፣ ፍሬን ሳይነኩ ይልቀቁትና የቆመበት ቦታ ላይ ድንጋይ ያስቀምጡ። ጎማውን በደንብ ነፍተው በዚያው ልብስ፣ በዚያው አቀማመጥ ይድገሙት። ንፋስ በማይነፍስበት ጠዋት ቢያደርጉት ድንጋዮቹ መካከል ያለው ርቀት ሁሉን ይነግርዎታል።

ንፋሱን በልክ ይሙሉ

አውራ ጣት ጎማን አይለካም። ጎማውን ጫን ብሎ «ጠንካራ ነው» ማለት ልማድ ሆኗል፤ ግን 40 ፒኤስአይና 60 ፒኤስአይ በጣት ሲነኩ አይለዩም፤ ሲነዱ ግን ሌላና ሌላ ናቸው። መለኪያ ያለው ፓምፕ ይግዙ ወይም ከጎሚስታ ዘንድ ይለኩ። ጎሚስታ ዘንድ ሲሄዱ ግን ይጠንቀቁ፦ ኮምፕሬሰሩ ለመኪና ጎማ የተሠራ ነው፤ የብስክሌት ከመነዳሪ የሚይዘው አየር በጣም ጥቂት ስለሆነ በቅጽበት ሞልቶ ሊፈነዳ ይችላል። በአጭር በአጭሩ እየነፋ፣ በየመሐሉ እየለካ እንዲሞላ ይንገሩት። ወፍራሙ ቫልቮላ እንደ መኪናው ስለሆነ በቀጥታ ይገጥማል፤ ለቀጭኑ ግን መሸጋገሪያ ያስፈልጋል፤ ትንሿን መሸጋገሪያ ኪስዎ ውስጥ ይያዙ።

ምን ያህል ይሞላ? መጀመሪያ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ ትልቁን ቁጥር በፍጹም አይለፉ። 65 ኪሎ ገደማ ለሆነ ሰው የሚሆን መነሻ ይህ ነው፦ 2 ኢንች አካባቢ ስፋት ላለው የማውንቴን ጎማ አስፋልት ላይ ከ45 እስከ 50 ፒኤስአይ፣ ኮብልስቶንና ኮረኮንች ላይ ከ30 እስከ 35። ለቀጭኑ ባለ28 ሚሊ ሜትር ጎማ ከ80 እስከ 90። ሰውነትዎ ከከበደ ጥቂት ይጨምሩ፣ ከቀለለ ይቀንሱ። የኋላው ጎማ የበለጠውን ክብደት ስለሚሸከም ከፊቱ አንድ አሥረኛ ያህል ከፍ ይበል።

ከልክ በላይ መንፋትም ጥፋት ነው። ደሴ ውስጥ ኮብልስቶን ላይ የሚነዳ ሰው ይህን ቶሎ ይገነዘባል። ከልክ በላይ የጠነከረ ጎማ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ብስክሌቱንም ነጂውንም ወደ ላይ ያነሳል፤ ወደ ላይ የጠፋው ጉልበት ወደ ፊት አይሄድም፤ እጅና ወገብም ይደክማል። ዝናብ ሲሆን ደግሞ መሬት የሚይዘው ቦታ ጠቦ ይንሸራተታል። ንፋሱ በጣም የጎደለው ጎማ በበኩሉ የኮብልስቶን ጠርዝ ሲመታ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቀርቅሮ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ያወጣል። ጎማዎ በተነፈሰ ቁጥር እንዲህ ያለ ጥንድ ቀዳዳ ካዩ ሚስማር አይፈልጉ፤ ጥፋቱ የንፋስ ማነስ ነው።

ቸርኬውን፣ ሽቦውንና ኩሽኔታውን ይፈትሹ

ብስክሌቱን ገልብጠው በመሪውና በመቀመጫው ያቁሙት። የፊት ጎማውን በእጅዎ ያሽከርክሩና ዓይንዎን በፍሬን ላስቲኩና በቸርኬው መካከል ባለው ቀጭን ክፍተት ላይ ያድርጉ። ክፍተቱ በአንድ በኩል እየጠበበ በሌላው እየሰፋ ከሄደ ቸርኬው ተጣሟል፤ ላስቲኩን በነካ ቁጥርም ሳያውቁት ፍሬን ይዘው እየነዱ ነው። ሽቦዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ በጣትዎ ጨምቀው ይዙሩ፤ የላላው ወዲያው ይታወቃል። የሽቦ ማጥበቅ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሩብ ሩብ ዙር እያሉ እንጂ በአንዴ ጠበቅ የሚያደርግ ሠራተኛ ቸርኬውን ይባስ ያጣምመዋል።

ቀጥሎ ቸርኬውን ከላይ ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዝውዙት። ከተንገዳገደ ኩሽኔታው ላልቷል። ጎማውን አውጥተው የመሐል ብረቱን በጣትዎ ቀስ ብለው ሲያዞሩት አሸዋ የገባበት ያህል የሚሻክር ከሆነ ይፈታ፣ ይታጠብ፣ አዲስ ግሪስ ይቀባ፤ ትንንሾቹ የብረት ኳሶች ከተቦረቦሩ ይቀየሩ። ክረምት ከወጣ በኋላ ይህን ማድረግ ግድ ነው፤ ወሎ ደግሞ በልግም ስላለው ከበልግ በኋላ መድገሙ አይከፋም።

አሁን ማግኔት ያምጡ። ቸርኬው ላይ ያስጠጉት፤ ከያዘ ብረት ነው፣ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው። በርካሽ ብስክሌት ላይ ከሁሉ በፊት መቀየር ያለበት ካለ የብረት ቸርኬ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴም ክብደቱ ብቻ አይደለም። የሚያብረቀርቀው የብረት ቸርኬ በዝናብ ሲረጥብ የፍሬን ላስቲክ አይይዘውም። ደረቅ ሳለ ጥሩ ይቆም የነበረ ብስክሌት ርጥብ ሲሆን ፍሬኑ የሌለ ያህል ይሸሻል። አሉሚኒየም ቸርኬ ርጥብም ሆኖ የተሻለ ይያዛል። የደሴን ጉምና ካፊያ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

የቸርኬና የጎማ ክብደት ግን አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ዳር ላይ ያለ ክብደት ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን ዙሪያውንም ስለሚንቀሳቀስ ለማስነሳት የሚጠይቀው ጉልበት ፍሬሙ ላይ ካለው ክብደት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ በባጃጅ መሐል ቆም ነሳ፣ ቆም ነሳ በሚባልበት በደሴ ፒያሳ ወይም አራዳ መንገድ ቀላል ጎማ ብስክሌቱን ቀልጣፋ ያደርገዋል፤ መሪውም ለመዞር ቶሎ ይታዘዛል። ስሜቱን ለማየት የፊት ጎማውን አውጥተው የመሐል ብረቱን ሁለት ጫፎች በእጅዎ ይያዙ፤ ሌላ ሰው በኃይል ያሽከርክረውና ወደ ጎን ለማዘንበል ይሞክሩ። ጎማው እምቢ ይላል፤ ከባዱ ከቀላሉ ይበልጥ እምቢ ይላል። ሐረጎ ላይ እኩል እየመቱ ለሚወጡበት ጊዜ ግን ይህ እጥፍነት አይሠራም፤ እዚያ የቸርኬ ግራምና የፍሬም ግራም አንድ ነው።

የጎማ ቁጥርና ማርሽ

26፣ 27.5 እና 29 ቁጥር ጎማዎች የየራሳቸው ባሕርይ አላቸው። ትልቁ ጎማ ጉድጓድና የድንጋይ ጠርዝ ላይ ብዙም ሳይሰናከል ያልፋል፤ ኮብልስቶን ላይ ይመቻል። ነገር ግን 29 ቁጥር በአንድ ዙር የሚጓዘው ከ26 ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚረዝም በዚያው ማርሽ ዳገት ሲወጡ እግር ላይ በዚያው ልክ ይከብዳል። ትልቅ ጎማ ከመረጡ የኋላው ትልቁ ጥርስ 34 ወይም ከዚያ በላይ፣ የፊቱ ትንሹ ደግሞ ከ22 እስከ 24 ጥርስ ያለው ይሁን። ሐረጎን ተቀምጠው፣ ትንፋሽዎ ሳይቆራረጥ መውጣት የሚያስችልዎ የመጨረሻው ቀላል ማርሽ ነው እንጂ የፍሬሙ ቅለት አይደለም።

የኋላ ሞላ ያለውን ርካሽ ብስክሌት አልመክርም። ሁለት ኪሎ ያህል ይጨምራል፤ ዳገት ላይ ቆመው ሲመቱት ደግሞ ከእግርዎ ኃይል ከፊሉን እየዋጠ ወደ ታችና ወደ ላይ ይዋዥቃል። የማያስፈልግዎ ሞላ ከሚሆን ትንሽ ወፍራም ጎማ፣ ትንሽ ያነሰ ንፋስ ይሻላል።

ቁልቁለቱ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ የክብደት ነገር ይገለበጣል። በዳገት ያስቸገረዎ ኪሎ በቁልቁለት ይገፋዎታል። ላይ ያለው አየር ደግሞ ከባሕር ጠረፍ አየር ከ20 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ነድቶ ክብረ ወሰን ያስመዘገበው ሜክሲኮ ሲቲን መርጦ ነው፤ ምክንያቱም የሳሳ አየር ነጂን እምብዛም አይይዝም። ደሴ ከሜክሲኮ ሲቲ ከ200 ሜትር በላይ ትበልጣለች። ለክብረ ወሰን የሚረዳው ያው አየር እዚህ ፍጥነትዎን የሚቆጣጠርልዎ ነገር እንዲያንስ ያደርጋል፤ የቀረውን ሥራ ሁሉ የሚሠራው ፍሬን ነው።

ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት የፍሬን ላስቲኮቹን ጎን ይዩ፤ ላያቸው ላይ ያለው ቦይ ከጠፋ ይቀይሯቸው። የፍሬኑን ገመድ ሁለት ጫፎች ይዩ፤ አንድ ክር እንኳ የተፈታ ከሆነ አይውረዱ። ላስቲኩ ቸርኬውን ብቻ ይንካ፤ ጎማውን የሚነካ ከሆነ ጎማውን ቀድዶ ያፈነዳዋል። ሲወርዱ ሁለቱንም ፍሬን አብረው ይያዙ። ከዳገቱ ጫፍ እስከ ታች ሳይለቁ አይያዙ፤ ቸርኬው ግሎ ከመነዳሪውን ሊያፈነዳ ይችላል። ያዝ አድርገው ፍጥነቱን ከቀነሱ በኋላ ለቀቅ ያድርጉ፣ እንደገና ይያዙ፤ ዋናውንም ኩርባው ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ይጨርሱ። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በዝናብ ጊዜ ደግሞ ላስቲኩ መጀመሪያ ውኃውን መጥረግ ስላለበት ቀደም ብለው ይጀምሩ።

ከኋላ ሰው ጭነው ወይም ኩንታል አስረው የሚወርዱ ወጣቶችን ማየት ያስፈራል። ያ መንገድ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ከባድ መኪናም የሚያልፍበት ነው። ጭነቱ በመኪና ይምጣ፤ እናንተ ቀላል ሆናችሁ ውረዱ።

ይህን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩ ከሆነ ከታች ይጀምሩ። ከኮምቦልቻ በጠዋት ተነስተው ወደ ደሴ ይውጡ፤ ሲወጡ እያንዳንዱን ኩርባ፣ እያንዳንዱን ጉድጓድ፣ መኪና ዳር የሚይዝበትን ቦታ ሁሉ ቀስ ብለው ያዩታል። ደሴ ሲደርሱ ጎማውንና ፍሬኑን እንደገና ይፈትሹ። ፍሬኑ ካላስተማመነዎ ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭነው ይመለሱ።